በቀኝ የሚከፈተው ኪታብ

«ሰማሽ አስያ? የረቢአ ኪታብ ውስጥ ጭኗ እስከዚህ የተገለጠ ልጃገረድ ተስላበታለች!»

ይኸን ያለችው ዙቤይዳ ናት። ያለችውም በቆርቆሮው አጥር ላይ ተንጠልጥላ ነው። ዙቤይዳ ደግሞ ምስጢር ስታወራ ድምጿ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከአጥሩ ወዲህ ረቢአ ጎንበስ ብላ ሰሀን ታጥብ ነበር። እጇ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«አስተግፊሩላህ በይ አንች!» አለች አስያ።

«ወላሂ ስልሽ! ምራቴ ጀነት ናት ያየችው፣ የተሰፋበትን ከረጢት ተርትራ። ከዚያ እኔም በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ዓይኗ ሰሀን ያክላል፣ ፀጉሯ እንደ ጨፋ ሳር ቁሟል፣ ቀሚሷ መሀረብ አይሞላም። ከጎኗ ደግሞ ሰይፍ የያዘ ድመት!»

«ድመት?»

«ሰይፍ የያዘ! ይኸን ነው እንግዲህ ከጃፓን ድረስ ተሸክማ ያመጣችልን። ይኸን ነው ሳሙ ያለችን።»

ቆይቶ ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ፍርፍር ሲል ተሰማ። አስያ ሳቋን አፍናው ነው።

ረቢአ ሰሀኑን እንዳይንኳኳ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። በገዛ ግቢዋ እንደ ሌባ በእግር ጣቷ እየሄደች ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ፊቷ እሳት የነካው ያህል ይነዳል።

ረቢአ ማለት እንግዲህ በዚያ ሰፈር ዱዓ የምታደርገዋ ሴት ናት። ከሚሴ ውስጥ ዱዓ የሚያደርግ ሞልቷል፤ የሷ ግን ሌላ ነው። ሴት ስታምጥ እሷ ትጠራለች። ሙሽራ ስትሸኝ፣ ልጅ ስም ሲወጣለት እሷ ትጠራለች። ፊደል አልቆጠረችም። እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ግን ሴቱ ሁሉ «አሚን!» ሲል የቤቱ ክዳን ይንቀጠቀጣል። ባሏ ሙቷል፣ ከብቱ ተሽጧል፣ አንድ ልጇ ባህር ማዶ ናት። የቀራት ነገር ያች «አሚን» ናት። ነገ ደግሞ የዙቤይዳ የልጅ ልጅ አቂቃ ነው። በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል፣ ረቢአም በዚያ ሁሉ ሴት ፊት እጇን ታነሳለች። እንዴት አድርጋ?

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው።

ልጇ ነጅዋ ጃፓን ለትምህርት ሂዳ እዚያው አግብታ እዚያው ወለደች። አራስ ያለ እናት አይሆንም ተባለና ረቢአ በሶዋንና አብሿን ቋጥራ በአውሮፕላን ሄደች። አገሩ ንፁህ ነው፣ ሰዉም ትሁት ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ብቻ ወሬ የለም! ጎረቤት ደጅ ላይ ሲያገኛት ወገቡን እጥፍ አድርጎ ሰላም ይላል፣ ከዚያ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ለማን ልጁን ዳረ፣ የሚነግር የለም። ረቢአ በመስኮት እያየች፣ «ነጅዋ፣ እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ተኳርፈዋል?» ትል ነበር።

«አይ እማ፣ ጠባያቸው ነው» ትላታለች ነጅዋ።

«ኧረ ተኳርፈዋል። እኔ ኩርፊያ አውቃለሁ።»

ልጁ ትንሽ ጠንከር ሲል ነጅዋ እናቷን ከተማ ልታሳይ ይዛት ወጣች። ገና ከባቡር ሲወርዱ ዝናብ ያዛቸው። ልጁ ያለቅሳል። ይባስ ብሎ ረቢአ ጭን ላይ ሸናባት። ነጅዋ ዙሪያውን አየችና እናቷን አንድ ቤት ውስጥ አስገባቻት።

«ካፌ ነው እማ። ጫማሽን አውልቂ። ድምፅሽንም ቀንሺ፣ ሰው ያነባል። እኔ ልጁን ወዲያ ክፍል ወስጄ ላጣጥበው።»

ካፌ ረቢአ ታውቃለች። ከሚሴ መንገድ ዳር ካፌ ሞልቷል። ሻይ አለ፣ ቴሌቪዥን ይጮሃል፣ የባጃጅ ሾፌር ይጮሃል። ጫማ አውልቆ የሚገባ ግን አንድም አላየችም። እዚህ ጫማው ደጅ ላይ በወግ ተደርድሯል። ወለሉ ምንጣፍ ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ መጽሐፍ ነው። ሰዉ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንዱ በሆዱ ተኝቶ፣ አንዱ ጉልበቱን አጥፎ አቀርቅሯል። ዝንብ ቢያልፍ ይሰማል።

ረቢአ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ከሩቅ ደህና አያይም፣ ከቅርብም እንደዚያው ነው። አጠገቧ ያለው ጎረምሳ ግን እንደ ሰጋጅ ጉልበቱን አጥፎ ሲያነብ ይታያታል። ገጹን ገለጠ። ረቢአ ደነገጠች።

ልጅ ሳለች ጨፋ በኩል እናቷ ቂጣ ጋግራ ትልካት ነበር፣ ሼኹ ዘንድ ቁርዓን ለሚቀሩት ደረሶች። ሴት ልጅ አትገባም፤ ደጃፉ ላይ ቁማ ቂጣውን ታቀብልና ትመለሳለች። ሳትመለስ በፊት ግን ታያለች። ደረሶቹ ኪታቡን ሲገልጡ ከቀኝ ነው። ኋላ ወንድሟ አስኳላ ሲገባ ደብተሩን አየችው፣ እሱ ከግራ ነው። ረቢአ ከትምህርት የምታውቀው ይኸን ብቻ ነው፤ የአስኳላ መጽሐፍ ከግራ ይከፈታል፣ ኪታብ ከቀኝ ይከፈታል። ይኸን ደግሞ ማንም አይነጥቃትም።

ጎረምሳው ከቀኝ ገለጠ። ረቢአ ወደ ወዲያኛዋ ልጅ ዞረች፤ ከቀኝ። በሆዱ የተኛውም ከቀኝ።

«ያ ራቢ!» አለች በሆዷ። «እነዚህ ሁሉ ደረሶች ናቸው! እኔ ሃይማኖት የላቸውም ብዬ ሳማቸው!» ጫማው፣ ምንጣፉ፣ ዝምታው ሁሉ ገባት። ጎረቤቶቹም ለካ አልተኳረፉም፤ ዚክር ላይ፣ አላህን ማውሳት ላይ ናቸው። እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ቂጣ ይዛ ደጃፍ ላይ የቆመችው ሴት፣ ዛሬ ውስጥ ገብታ ከሚቀሩት ጋር ተቀምጣለች። ማን ግቢ አላት? ማንም ደግሞ ውጪ አላላትም። እንባዋ መጣ።

እጇን አነሳች። ድምፅሽን ቀንሺ መባሏ እዚያው ጠፋባት። ለነጅዋ ለመነች፣ ለልጁ ለመነች፣ ለጨፋ ዝናብ ለመነች፣ ለጓደኛዋ ለመሪማ ሳል ለመነች። የዙቤይዳ ምራት ጀነት እርጉዝ ነበረችና፣ «በሰላም ገላግላት» ብላ በስሟ ጠርታ ለመነች። ከየጥጉ ራስ ብቅ ብቅ አለ። የተቆጣ የለም። አንዱ አጎነበሰ፣ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። ረቢአ «አሚን» የሚሉ መሰላት።

አጠገቧ ያለው ጎረምሳ ኪታቡን ክድን አደረገ። በንፁህ ወረቀት ለብጦታል። ረቢአ፣ «አየሽ አክብሮቱን፣ እንዳይቆሽሽበት እኮ ነው» አለች ለራሷ። ወደ ኪታቡ ጠቆመችና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ ላስነካው ብላ። ልጁ ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ። ተነስቶ፣ ወገቡን አጥፎ፣ በሁለት እጁ ሰጣት።

እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። ያውም በባዶ እጇ አይደለም። የልጅ ልጇ ሸንቶባታል፣ ታጥባ ውዱ አላደረገችም፤ ስለዚህ ራሷ ላይ ያለውን የጉፍታዋን ጫፍ ጎትታ በሱ ያዘችው። ሳመችው። ግንባሯን አስነካችው። መክፈት ግን አልከፈተችም፤ ያለ ውዱ ማን ይከፍታል? ጎረምሳው እንደገና አጎነበሰ፣ ጫማውን አነሳ፣ ወጥቶ ሄደ። ረቢአ ይኸን ስጦታ ነው አለች። ኪታቡን ከቀሚሷ ሥር ከተተችው።

ነጅዋ ስትመለስ፣ «እማ፣ ምን ሁነሽ ነው ሰው ሁሉ የሚያይሽ?» አለቻት።

«ምንም። ደጎች ናቸው።»

የኪታቡን ነገር አልነገረቻትም። ነጅዋ ብትሰማ «መልሺ» ትላለቻ! ያንን አገር ለምዳ፣ መሬት ላይ የወደቀ ጓንት እንኳ ለባለቤቱ ካልደረሰ እንቅልፍ የማይወስዳት ሁናለች።

ከሚሴ ስትመለስ ረቢአ ኪታቡን በአረንጓዴ ጨርቅ ዙሪያውን ሰፍታ ከረጢት አደረገችው። አሁንም አልከፈተችውም። የማታነበውን ምን ልታደርግ ትከፍተዋለች? ለሴቶቹ ግን አወራች። እንዴት አድርጋ አወራች! ጃፓን ሙሉ ደረሳ መሆኑን፣ እሷ መሀላቸው መቀመጧን፣ አንድ ኑር የመሰለ ጎረምሳ በሁለት እጁ አክብሮ እንደሰጣት። ሴቶቹ እያለቀሱ ከረጢቱን ሳሙ። ያልሳመ የለም።

ጀነት ምጥ የያዛት ቀን ደግሞ ዙቤይዳ ራሷ ናት በባዶ እግሯ ሩጣ የመጣችው። «ረቢአ ኪያ፣ ድረሽልኝ፣ ያንን ኪታብሽን ይዘሽ ነይ!» ረቢአ ይዛ ሄደች። ዙቤይዳ ተቀብላ ሳመች፣ በልጅቱ ሆድ ላይ አዞረችው። በዚያውም የሚያማትን የራሷን ጉልበት ቀሚሷን ገልባ አሸችበት። ከዚያ ደግማ ሳመችው። ባጃጁ መጣ፣ ከረጢቱም ከጀነት ጋር ጤና ጣቢያ ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድ ልጅ! ዙቤይዳ እልል እያለች፣ «ከራስጌዋ አይነሳ፣ እስከ አቂቃው ይቆይልኝ» አለች።

ቆየላታ። ጀነት ደግሞ የተማረች ልጅ ናት፣ ቢሮ ነው የምትሠራው። አራስ ቤት ተኝታ ሰለቻት። ክሩን መዘዘችው።

ረቢአ በሩን ዘግታ ያን ሁሉ ስታስታውስ ቆየችና ለነጅዋ ስልክ ደወለች። እንደምንም አድርጋ ነገረቻት። ነጅዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ስልኩ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዚያ እናቷ እንዳልሳቀች ገባትና አቆመች።

«እማ፣ ያ እኮ ማንጋ የሚነበብበት ካፌ ነው። ማንጋ ማለት በስዕል የተሠራ ተረት ነው። ሰው በሰዓት ይከፍልና ተረቱን እያነበበ ጭማቂ ይጠጣል።»

«ከቀኝ ነበር እኮ የሚከፍቱት!»

«እነሱም ከቀኝ ነው የሚጀምሩት እማ። የአገራቸው አጻጻፍ ነው።»

«ልጁስ? በወረቀት ለብጦት ነበር፤ አክብሮት።»

«አክብሮት አይደለም። የራሱን ይዞ መጥቶ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ሰው እንዳያይባቸው ነው የሚለብጡት።» ነጅዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንች ስታለቅሺ፣ ወደሱ ስትጠቁሚ... የምትገስጭው መስሎት ይሆናል እማ። አፍሮ ነው የሰጠሽ።»

ረቢአ የልጁን ጆሮ አስታወሰች። የሷም ጆሮ ሲግል ተሰማት። የሰው ልጅ ዝናብ ሸሽቶ በተቀመጠበት ሂዳ፣ አልቅሳበት፣ ንብረቱን ነጥቃ፣ አሳፍራ አባረረችው ማለት ነው! ያንን ደግሞ ስማ፣ ሰፍታ፣ ለአገር አስሳመች። ደረሶች መሀል ተቀመጥኩ ያለችው ተረት አንባቢ መሀል ኖሯል። ደጃፉ ላይ እንደቆመች ነበረች ማለት ነው፤ አልገባችም።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ» አለችና ዘጋችው።

በማግስቱ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ላከች። ዙቤይዳ ቤት የሚሄደው ሰው በደጇ ሲያልፍ ትሰማለች። አንዷ፣ «ድመቱን አሳዩኝ!» ስትል ሌላዋ ትስቃለች። ረቢአ ጉፍታዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው።

መሪማ አታንኳኳም፤ በሩን ገፍታ ነው የምትገባው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ሳል አለባት፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው።

«ረቢአ፣ ማል ታቴ? ምን ሁነሽ ነው በቀን የተኛሽ?»

«ጉልበቴን።»

«ጉልበትሽ የት ነው? እስቲ አሳይኝ። ፊትሽ ላይ ነው እንዴ፣ እሱን የሸፈንሽው?»

ረቢአ ሳትፈልግ ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ልቅሶ ዞረባት። «ሰምተሻል አይደል?»

«ዙቤይዳ አውርታ ያልሰማ ጨፋ ሮቢት ያለ በሬ ብቻ ነው።»

«በየትኛው አፌ ዱዓ ላድርግ መሪማ? እጄን ባነሳ ማን አሚን ይለኛል?»

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ሳሌን ካከልሽበት የብዙ ሰው ድምፅ አለኝ። ከኢ! ተነሽ፣ አታናግሪኝ። ዛሬ ከቀረሽ ነገም ትቀሪያለሽ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ማን እንደነበርሽ ይረሳል።»

ረቢአ ተነሳች። መሪማ እጇን ይዛ፣ እንደ ሙሽራ አድርጋ ወሰደቻት።

የዙቤይዳ ቤት በሴት ሞልቷል። ረቢአ ብቅ ስትል ወሬው ቁርጥ አለ። አንዷ ሳል ያዛት፣ እውነተኛ ሳል ግን አልነበረም። ጀነት አልጋዋ ላይ ሁና ልጇን አቅፋ ዓይኗን ወደ ልጁ መለሰች፤ እሷም አፍራለች። «እማ ረቢአ፣ እኔ ለጨዋታ ነበር እኮ...» አለች። የሰማት የለም።

ዙቤይዳ ገባ አለችና አንድ ትሪ ይዛ ወጣች። ትሪው ላይ የተተረተረው አረንጓዴ ጨርቅ አለ፣ መሀሉ ላይ መጽሐፉ ተከፍቶ ተንጋሏል። ልጅቱም አለች፣ ድመቱም አለ። ረቢአ ፊት አስቀመጠችው።

«በይ አንብቢልን!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስያ እንባዋን ጠረገች። አንዷ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ውይ፣ ይች ልጅ አይበርዳትም?» አለች። እንደገና ሳቅ።

ረቢአ ስዕሉን ያየችው ያኔ ገና ነው። አትኩራ አየችው። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ተናገረች፤ ያ ዱዓ ላይ የሚያንቀጠቅጥ ድምጿ የለም፣ እንደ ልጅ ቀጥኗል።

«ከፍቼው አላውቅም። ከቀኝ ሲገልጡት አየሁ፣ ኪታብ ነው አልኩ። ሌላ የማውቀው የለኝም። እዚያ ያለውን ልጅም አሳፈርኩ፣ እናንተንም አሳሳትኩ። ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ።»

ጥቂቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ጀነት «አውፍ» አለች በቀስታ። ዙቤይዳ ግን ሰው ፊት ሲሆን አይበቃትም።

«አውፉስ ይሁን። ግን በልጄ ልጅ ራስ ላይ ዱዓ ከማድረግሽ በፊት ያንን የሳምሽበትን አፍ ታጥበሽ ነይ። ማንቆርቆሪያው ያውልሽ፣ በሩ ጋ።»

አንዷ ኪኪ አለች። ረቢአ ዞረች። በዚያ ሁሉ ሴት መሀል፣ የዘረጉትን እግር እየተሻገረች፣ ወደ በሩ ሄደች። ደጃፉ ላይ ደረሰች። ጎንበስ አለችና የማንቆርቆሪያውን እጀታ ያዘች። ክዳኑ ይንቃጨላል።

«አስቀምጭው!» አለች መሪማ።

ሳሏን ሳለች፣ ጨረሰች፣ ተነሳች።

«ዙቤይዳ፣ በማንቆርቆሪያ አንዳረስም፤ በርሜሉን አስመጭ። እዚህ ያለን ሁላችን ስመነዋል፣ ተሰልፈን እንታጠባለን። አንች ግን ከፊት ቁሚ፤ አንች ሁለቴ ነው የሳምሽው። ጉልበትሽንም አሽተሽበታል፣ በይ ቀሚስሽን ሰብስቢ፣ እሱንም እናጥብልሽ። ወይ ታጠቢ፣ ወይ እጅሽን አንሽና አሚን በይ!»

ዙቤይዳ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ አድርጋ ጉልበቷን ሸፈነች።